የማያልቀው ሳሙና

ሰኞ፣ ቢቸና
ሳሙናው አላለቀም! «በሽተኛ ነክታችሁ ስትጨርሱ ወዲያው ታጠቡ» የሚለውን የክሊኒክ ደንብ የጻፍኩት እኔ፣ ያሠለጠንኩት እኔ። ቁስል አሳሪዎቹ ድሬሰሮች ሁሉ «እሺ ሲስተር» ብለው ነበር። ሳሙናው ግን እንዳስቀመጥኩት አለ፤ የሰው ቁስል ያመረቅዛል። ከአሰላ ተመድቤ ስለመጣሁ ንቀውኝ ይሆን? ወይስ አድመውብኛል?

ማክሰኞ
ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ አያ አለኸኝን ሰለልኩ። ያሳፍራል፣ ግን ሰለልኩ። ከድሬሰሮቹ ትልቁ እሳቸው ናቸው። የአንድ ገበሬ እግር አሰሩ፣ «እግዜር ይማርህ» አሉ፣ ቀጣዩን ጠሩ። ውሃም የለ፣ ሳሙናም የለ። ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው «ኋላ እታጠባለሁ» አሉኝ። ምን ይደብቁኛል?

ረቡዕ
የደርጉ ካድሬ ከሞጣ መጣ። «ደንብ ተጽፎ ካልተሠራበት አሻጥር ነው። ዓርብ ግምገማ ላይ ስም ትሰጪናለሽ» አለኝ። ስሙ የተሰጠ ሰው የት እንደሚገባ ማን ያጣዋል? የአያ አለኸኝ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ደግሞስ እሳቸው ቀድመው የእኔን ቢሰጡስ? ከማንም ሳልነጋገር ዋልኩ።

ሐሙስ
ላሳያቸው ብዬ ራሴ ቁስል ማሰር ገባሁ። የእማማ ጥሩን እጅ አስሬ ዞር አልኩና ውሃውን እያንቦጫረቅኩ ታጠብኩ። እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።
«ልጄ፣ ይህን ያህል ተጸየፍሽኝ?»
ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አያ አለኸኝ አንገታቸውን ደፉ። ወይኔ! ለካ አሻጥረኛ የለም። ሰውን ነክቶ እፊቱ መታጠብ ስድብ ነው። ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ መታጠብ ግን ክብር ነው፤ ይህን እንዴት ሳላስብ ጻፍኩ? ደንቡን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት፦ «በሽተኛው ሲቀመጥ፣ ሳትነኩት፣ እሱ እያያችሁ ታጠቡ። ‹ለርስዎ ብዬ ነው› በሉት። የመጨረሻው ከወጣ በኋላም ታጠቡ።»

ዓርብ
ጠዋት አያ አለኸኝ አንድ ሽማግሌ ፊት እጃቸውን ታጠቡ። «ለርስዎ ብዬ ነው» አሏቸው። ሽማግሌው «እግዜር ያክብርልኝ» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ደስታዬን አልቻልኩትም!
ግምገማው ላይ ካድሬው «ስሙስ?» አለ።
«ጥፋቱ የሠራተኛ አይደለም፣ የጽሑፉ ነው» አልኩና አዲሱን አነበብኩ።
«የድሮውን ማን ጻፈው?»
«እኔ።»
ትክ ብሎ አየኝና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም። በሬን ቆልፌ ተቀምጫለሁ፤ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። አያ አለኸኝ ግን ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር ያድራሉ።