የዘሊካ አህያ

ጥቅምት 4
ዛሬም ከቀፎዎቼ ጋር ዋልኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኼው ነው። ባለቤቴ ለተ ብርሃን፣ «ለልጅህ ያልሰጠኸውን ጊዜ ለንብ ሰጠህ» አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። ግን እውነቷን ነው። ዕድሜዬን የውሃ ጉድጓድ ሳስቆፍር ጨረስኩት... ዋጃ፣ ጎብዬ፣ ከዚያም ወዲያ። ጌዲዮን ሲወለድ እንኳ አልነበርኩም። አሁን አዋሳ ሆኖ ስለ ንቡ ሊጠይቀኝ ይደውላል። ሌላ ወሬ የለንም። ንቡ ባይኖር ምን እንባባል ነበር?

ጥቅምት 9
እንዴት ልጻፈው...
ቀትር ላይ ጌዲዮን በቪዲዮ ደወለ። «አባዬ፣ እስቲ ማሩን አሳየኝ» አለ። ደስ አለኝ። በዚያ ፀሐይ፣ ያለ ጭስ፣ ቀፎውን ከፈትኩ። በዚህ ሰዓት እንደማይከፈት አውቃለሁ። ግን ልጄ እያየኝ ነበር።
ንቡ ገነፈለ። ሮጬ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። የጎረቤታችን የዘሊካ አህያ አጥሩ ሥር ታስራ ነበር። ስትጮህ ሰማኋት። አልወጣሁም።
ነገሩ ሲበርድ ብወጣ ሞታለች። ዘሊካ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያች አህያ ከቦኖ ውሃ እያመላለሰች፣ እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታሳድገው።
«የማን ንብ ነው?» አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።
«የኔ ቀፎ ዛሬ አልተነካም» አልኩ።
ማንም አልተጠራጠረም። ኢንጂነር ነዋ ያለው። ሁሉም ዞር ብሎ የሌላውን ጎረቤታችንን የበድረዲንን ግቢ አየ። እሱም ሁለት ቀፎ ሰቅሏል።

ጥቅምት 10
ለተ ብርሃን ምሳ አቅርባልኝ ወጣች። ቀፎውን ስከፍት በመስኮት አይታኝ ይሆን? አልጠየቅኋትም።

ጥቅምት 12
በድረዲን ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪዬን ሁሉ የሚያሳጥርልኝ እሱ ነው። «ወላሂ የኔ ንብ አይደለም» ቢል የሚሰማው አጣ። ዛሬ መንገድ ላይ አገኘኝ።
«ኢንጂነር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩልኝ።»
«እንነጋገራለን» አልኩት።
ምን ማለት ነው እንነጋገራለን?

ጥቅምት 13
ነገሩ በሽማግሌ ሊታይ ነው። እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተመረጥኩ። የመረጠችኝ ራሷ ዘሊካ ናት። «እሳቸው አያዳሉም» ብላ።

ጥቅምት 14
«ነገ ልትፈርድ ነው?» አለችኝ ለተ ብርሃን።
«አዎ።»
«ነጩን ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ።»
አይታኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 15
ዘሊካ ደጅ ጥላው ሥር ተቀመጥን። እኛ ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ። በድረዲን ፊት ለፊታችን ቆሞ።
«ኢንጂነር ይጀምሩ» አሉኝ።
ተነሣሁ። ስለ መቻቻል የምናገረው ነገር አዘጋጅቼ ነበር... ጠፋኝ።
«ንቡ የኔ ነው» አልኩ። «ቀፎውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁ።»
በድረዲን ቀና ብሎም አላየኝ። ዘሊካ ብቻ፣ «ስትጮህ ሰምተዋት ነበር?» አለች።
«ሰምቻታለሁ።»
በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።
ወንበሩን ለበድረዲን ለቅቄ እሱ የቆመበት ቦታ ቆምኩ። አህያ እንድገዛላት፣ በድረዲንንም በሰው ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ ተፈረደ። ጠየቅሁት። «አላህ ይይልዎ» ብሎኝ ሄደ። እሱ ግን ይቅር አላለኝም።
ለጌዲዮን ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።
«እኔ ነኝ እኮ ክፈተው ያልኩህ» አለ።
«አንተማ አሳየኝ ነው ያልከው። ቀሪው የኔ ነው።»
ስልኩን አልዘጋውም። ቆይቶ፣ «እማዬስ እንዴት ሆነች?» አለኝ።

ጥቅምት 19
ደህና አህያ እስክትገኝ ድረስ የዘሊካን ውሃ እኔ ነኝ የማመላልሰው፣ በእጅ ጋሪ። ስንት ከተማ ውሃ አስገባሁ ስል ኖሬ፣ ጀሪካን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ልጆች ይስቃሉ። ይሳቁ።
ዛሬ ቦኖው ጋ ስደርስ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ።
«ይቅደሙ ኢንጂነር፣ እርስዎማ አይሰለፉም» አለች አንዷ።
በድረዲን መጨረሻ ላይ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ሰላም አልኩት። አልመለሰልኝም።
ጋሪዬን አዙሬ ከኋላው ተሰለፍኩ።