ወደቡ ላይ ስለቆመው የአጎት ልጅ፦ ለክቡር ሴናተር ሃርላን ፕሪቸት

ዲሴምበር 2010

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የእግርዎና የወገብዎ ነገር አሳስቦኝ ነበር፤ በቀድሞው ዘመን ሕግ እንዳይጸድቅ ማገት የፈለገ የሴኔት አባል ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ መናገር ነበረበትና። እርስዎ ግን በቢሮዎ ተቀምጠው አለመስማማትዎን በማስታወቅ ብቻ፣ ከመቶው አባላት ስልሳው ተባብረው ካልከፈቱት በቀር ማንም የማያልፍበትን በር መዝጋት እንደሚችሉ ደንቡን ሳነብ ተረድቼ፣ ለጤናዎ እፎይ ብያለሁ።

እኔ በወደብ ከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ፣ ደንብና ግርጌ ማስታወሻ ማንበብ የምወድ ሴት ነኝ። ወንድሜ በአንድ የጦር መርከብ ላይ የሕክምና ረዳት ነው፤ መርከበኞቹ «ዶክተር»ን አሳጥረው «ዶክ» ይሉታል። ስሙን አልጠቅስም፤ አሁን ባለው ሕግ ወንድን የሚወድ ወንድ በሠራዊቱ ውስጥ ሊቆይ የሚችለው ይህን እስከደበቀ ድረስ ብቻ በመሆኑ፣ የገዛ እኅቱ ደብዳቤ ማስረጃ ሆኖ ሊያስባርረው ይችላል። በእናት እንጂ በአባት ስለማንገናኝ የእኔን ስም ይዘው ቢፈልጉት አያገኙትም፤ ይህን የምገልጸው ረዳቶችዎን ከድካም ለማዳን ነው። ለስድስት ዓመት አብሮት የኖረውንና ለልጆች ሙዚቃ የሚያስተምረውን ሰው ስምም አልጠራም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «የአጎት ልጅ» እለዋለሁ፤ መርከቧ በመጣች ቁጥር ወደቡ ላይ የሚጠራበት ስም ይኸው ነውና።

አንደኛ፦ ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ይህ ሕግ ይሻር የሚለው ሐሳብ በመጣ ጊዜ፣ የጦር አዛዦች ከደገፉት እርስዎም እንደሚያስቡበት ተናገሩ። አዛዦቹ ደገፉት። ቀጥለው ተራው ወታደር ይጠየቅ አሉ። ወታደሩም ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር አንድ መታጠቢያ ቤት ብትጋራ ምን ይሰማሃል እስከሚል ዝርዝር ድረስ ተጠየቀ፤ አብዛኛውም ግድ እንደሌለው መለሰ። በዚህን ጊዜ ክቡርነትዎ ጥናቱ ራሱ መጠናት እንዳለበት አስታወቁ። በሥራዬ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎችን በየቀኑ አስተናግዳለሁ፤ መልሱን ስላገኘ ተናድዶ ጥያቄውን የሚቀይር አንባቢ ግን እስከ ዛሬ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ ምስጢሩ ቢገለጥ በመርከበኞች መካከል ያለው አንድነት ይናጋል ብለው ስለመሥጋትዎ። ወንድሜ እንዳጫወተኝ፣ የአጎት ልጅ በየወሩ የዝንጅብል ብስኩት ይልካል። የክፍሉ አለቃ፣ ጢማቸውን በተላጩ ቁጥር የሚያማርሩ ሽማግሌ መርከበኛ፣ ፓኮው በደረሰ ቁጥር «ስማ ዶክ፣ የአጎትህ ልጅ ብስኩት ልኳል አሉ። ለእኔ ሳይደርሰኝ ካለቀ እንተያያለን!» ይሉታል። አንድ ወጣት መርከበኛ ደግሞ «ዶክ፣ በናትህ ለእኔም እንዲህ የሚያስብልኝ የአጎት ልጅ ፈልግልኝ» ሲለው፣ አለቃው «አንተማ እንኳን የአጎት ልጅ እናትህም አትጽፍልህም፤ ዝም ብለህ ብላ» ብለው አፉን አስያዙት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ምስጢሩ ያልደረሰው ከመርከቧ ውጭ ላለ ሰው ብቻ ይመስለኛል። አንድነቱን እስካሁን ያናጋው ብስኩቱ ነው።

ሦስተኛ፦ ይህ ባለፈው ጸደይ በእርስዎ ፊት የሆነ ነገር ነው፤ ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል።

እንደሚያውቁት መርከብ ከረጅም ጉዞ ስትመለስ የቤተሰቦች ማኅበር ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ከሁሉ ቀድሞ ወደ መርከቧ መሰላል ይሄዳል፣ መርከበኛውን ይስማል፣ የሙዚቃው ባንድ ይነፋል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ፎቶ አንሺዎችም ይሻማሉ። የአጎት ልጅ ማኅበሩን ለመርዳት ሁልጊዜ ዕጣ ይገዛል። በዕጣው ላይ የመርከበኛው ስም ስለሚጻፍ የወንድሜን ስም ጻፈ፤ ዕጣ ይወጣልኛል ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ወጣለት።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ቨርና በድምፅ ማጉያው «የዶክ ሰው የታለ? ና ውጣ እንጂ የኔ ጌታ፣ ምን ያሽኮረምምሃል!» አሉ። የአጎት ልጅ አንድ እርምጃ ወጣ። ከዚያ መድረኩ ላይ እርስዎን አየ። ቆመ። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ሂጂ፤ ቶሎ በይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው» አለኝ። ሄድኩና የወንድሜን ጉንጭ ሳምኩ። ለሰባት ወር ባሕር ላይ የቆየ ሰው አቅፎኝ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሌላ ሰው ያይ ነበር።

ክቡርነትዎ ያን ጊዜ እኅቱ መሆኔን ሰምተው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉና «እንዴ! ይሄን የመሰለ ጎረምሳ እኅቱ ትሳመው? ልጃገረዶች ምነው ዝም አላችሁ? አንዳችሁ አግቡት እንጂ!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከመድረኩ ወርደው የአጎት ልጅን እጅ ጨበጡና «አንተስ የማን ነህ ወንድሜ?» ብለው ጠየቁት። «የአጎቱ ልጅ ነኝ ጌታዬ» አለዎት። «ጎሽ! ቤተሰብ ማለት እንዲህ ነው። አገር የቆመችው በእናንተ ነው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በዚያ ቀን ካደረጉት ረጅም ንግግር ውስጥ እውነት የሆነው ይህ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህን ሁሉ የከተማው ሰው ስላየ፣ ከላይ ስም መደበቄ ከንቱ እንደሆነ አስተዋይ አንባቢ ይረዳል። ስለዚህ ጉዳይ ከፊርማዬ በታች እመለሳለሁ።

ልመናዬ ትንሽ ናት። የታችኛው ምክር ቤት መሻሪያውን አጽድቆታል፤ ሴኔቱ ለገና ከመበተኑ በፊት ድምፅ ካልሰጠበት ግን በአዲሱ ዓመት አዲስ ምክር ቤት ይመጣና ሁሉ ነገር ከሀ ይጀመራል። እኔ ድምፅዎን አልለምንም። «አይሆንም» ማለት መብትዎ ነው፤ ቆመው፣ በስምዎ፣ ሁላችንም እየሰማን ይበሉት። የምለምንዎ ሌሎቹ «ይሁን» እንዲሉ በሩን እንዲለቁላቸው ነው። ወንድሜ መሸሸግ የተማረው በሕግ ተገዶ ነው፤ እርስዎ ግን ማን አስገድዶዎት ከደንብ ጀርባ እንደሚሸሸጉ በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ በርዎም ብርድ እንዳያስገባ በመመኘት፣ ከድንበር የማያልፍ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ታዛዥዎ፣
አይሪስ ኪንኬድ

ማሳሰቢያ፦ የወንድሜ ስም ዌስሊ ሎማክስ ይባላል፤ የአጎት ልጅ ደግሞ ጁሊያን ፍሮስት። ይህን የጻፍኩት በሁለቱም ፈቃድ ነው፤ ዌስሊ ዛሬ ጠዋት አዛዡ ፊት ቀርቦ እውነቱን በራሱ አንደበት ተናግሯልና። አዛዡ «ዶክ፣ ምነው ትንሽ ብትታገሥ?» ቢሉት፣ «ጌታዬ፣ ትዕግሥቱን ሴናተሩ ጨርሰውታል» አላቸው። የማሰናበቻው ጉዳይ ተጀምሯል። እሱ ከማለቁ በፊት በሩ ከተከፈተ ዌስሊ ከመርከቧ ጋር ይሄዳል፤ ካልተከፈተ መርከቧ ያለ ዶክ ትሄዳለች፤ ይህን የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ ቨርና ግን ከወዲሁ ለመመለሻዋ ቀን አንድ ዕጣ ለጁሊያን አስቀምጠውለታል። ከወጣለት፣ እኔ በእሱ ፈንታ አልሄድም።