በሙት ዓመትህ ጉርሻ የመለስኩ ዕለት

ታድዬ፣ የልጄ አባት፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸኝ ድፍን ዓመት ሆነ። ትናንት እዚሁ ሰው አገር፣ ፎረስት ፓርክ ቤታችን ተዝካርህን አወጣን። ቅር እንዳይልህ፣ ዛሬ እንባ የለኝም፤ አንገሽግሾኝ ነው የምጽፍልህ።

ዶክተሩ ክብደት ቀንስ ሲልህ ቦርጭህን መታ መታ አድርገህ “ይሄ እኮ ክብር ነው” ትለው ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር። ልብህ መሪ እንደጨበጥክ ቀጥ ሲል ያ ክብር የት ገባ? ከቀብርህ በኋላ ደግሞ ሰዉ ኮሮናን ፈርቶ ለቅሶ ቤት መግባት ሲያቅተው ምግቡን በር ላይ እያስቀመጠ ይሄድ ጀመር። ዘይት የዋኘበት ወጥ፣ ሳምቡሳ በትሪ። የጾም ነው አያወፍርም ይሉኛል! ሶፋው ላይ ተዘፍዝፌ ሁሉንም በላሁት። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ያው ዶክተር ላንተ ያለህን ቃል በቃል ደገመልኝ። ልጅህ ሳሮን አጠገቤ ነበረች። መኪና ውስጥ እንደገባን “ማም፣ ዩ ቱ?” አለችኝ፤ አንቺም እንደ አባቴ ማለቷ ነው። አንጀቴን በጠሰችው።

ህንዷ ጎረቤታችን ናት አዩርቬዳ የሚባለውን የአገሯን የጥንት አመጋገብ ያሳየችኝ። የዶክተሩንም መድኃኒት አልተውኩም። ጠዋት ሙቅ ውኃ፣ ዋናው ምግብ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ማታ በጊዜ ቀለል ያለ የማሾ ሾርባ፣ ከዚያ ወክ ማድረግ። የበፊቱ ሳይፈጭ አትደርቢበት ትለኛለች፤ ሆድ እሳት ነው፣ እንጨት ካበዛሽበት ይጠፋል። ቅመሙ ባዳ አይደለም፤ ዝንጅብል፣ ከሙን፣ እርድ፣ አብሽ። እኛ ቅቤ ውስጥ ስናሰጥማቸው ኖርን እንጂ! እውነቱን ልንገርህ፣ ማሾው መጀመሪያ የካልሲ ቅቅል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ቀሚሴ ሰፍቶኛል፣ ከሳሮን ጋር ሰፈሩን እዞራለሁ።

ታዲያ ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? ክሊቭላንድ አቬኑ ያለው ያበሻ ሱቅ በገባሁ ቁጥር “ውይ ከሳች፣ ሐዘኑ በላት” እያለ ከንፈር ይመጥልኛል። ሳብጥ ግን “ተመስገን፣ ተጽናናች” ሲሉ ነበር። ኤጭ!

ትናንት ደግሞ ባሰ። አንተን የጣለህን ያን ሁሉ ቅቤ ደርድረው፣ አፋቸውን እየጠረጉ ነፍስ ይማር ይላሉ። እትዬ ውብነሽ፣ መቼም ማኅበሩን እንዴት እንደሚያዙት ታውቃለህ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ጣታቸውን ልሰው ጠቀለሉልኝ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በሞቴ ሲሉኝ እንደምንም ዋጥኩት። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብለው ሌላ ጠቀለሉ። በቃኝ ብል፣ ተዉኝ ብል፣ ወይ ፍንክች። ጭራሽ “በታዴ ሞት!” ብለው አፌ ላይ ደቀኑት።

በሞትህ ቅቤ ሊያውጡኝ! ቀፈፈኝ። እጃቸውን ይዤ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስኩት። አንዷ “የባሏን ዝክር ገፋች” ስትል ሰማሁ። እትዬ ውብነሽ አኩርፈው ጉርሻውን ለሳሮን ዘረጉላት። ልጅህ ጎኔ ቆማ “ኖ ቴንክ ዩ፣ እትዬ” አለቻቸው።

የረሳሁህ መስሏቸዋል፣ ታድዬ። ስትስቅ ትከሻህ ሲርገፈገፍ፣ በረዶ ሲጥል ቀድመኸኝ ወጥተህ መኪናዬን ስትጠርግልኝ፣ ይሄ ይረሳል? በየዓመቱ ጸሎትህን አስደርሳለሁ፣ ስምህን ለልጅህ እየደጋገምኩ እጠራለሁ። በሞትህ ግን ከእንግዲህ ማንም አያጎርሰኝም። ሳሮን የቀራት አንድ ወላጅ ነው።

ያንተው አልማዝ