ለጊዜው ስለሚሠራው የጨጓራ መድኃኒት

ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ለተከበሩ ዶክተር ማናሴ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ባልደረቦችዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በጨጓራ ሰላም እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝም እመልሳለሁ። የምጽፍልዎ በገበያው በርበሬ ትሸጥ ስለነበረችው ባለቤቴ ስለ ወይዘሮ ዘውድነሽ ሲሆን፣ ያለብኝን ምስጋና በአደባባይ ማድረስ ስለሚገባኝ ነው።

፩. ቃር አስቸገረኝ ብላ በመጣች ጊዜ ኦሜፕራዞል ስለሰጣችኋት አመሰግናለሁ። ሠርቶላት ነበር። ሽሮ በልታ በሰላም ማደር ስትጀምር ደስታውን ብቻዋን መያዝ አልቻለችምና፣ ለእኔ ሠርቶልኛል እያለች ክኒኑን ለጎረቤት ታካፍል ጀመር፤ አጥር ለምትጋራን ለደራርቱም፣ አጠገቧ ጨው ለሚሸጠው ለጂብሪልም። የጤና ጣቢያው አገልግሎት በዚህ መልኩ ያለ አንዳች ድካማችሁ ተስፋፍቷል።

፪. መድኃኒቱ እያደር አልሠራ ሲላት ብትመለስ፣ ያንኑ ጠዋትና ማታ እንድትውጥ ስላዘዛችኋት አመሰግናለሁ። ቀጥሎም በርበሬ ተዪ ተባለች፤ መብላቱን ተወች፣ መሸጡን ግን መተው አልቻለችም። ከቁርስ በፊት ውጪው ስለተባለችም በዐቢይ ጾም ሳይቀር ማልዳ ትውጠው ነበር። ክኒኑ ምግብ ቶሎ እንዲከተለው ቢፈልግም፣ እህል የምትቀምሰው ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ስትመለስ መሆኑን የጠየቃት የለም፤ መጠየቅ ተራ ያስረዝማል።

፫. ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ጠገብኩ ማለት ስትጀምርም ጨጓራ ነው አላችኋት። የሚሠራ የነበረ መድኃኒት ለምን መሥራት እንዳቆመ መመርመር የሐኪም ወግ ይመስለኝ ነበር፤ እናንተ ግን ሰውነትሽ ለምዶት ነው ብላችሁ፣ ስሙ ሌላ የሆነ ክኒን ስለተካችሁላት አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ወስጃት፣ ጨጓራን ከውስጥ በካሜራ የሚያየውን ኢንዶስኮፒ ስትነሣ ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሙ ዘግይታችኋል ሲለን፣ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ስትቀበር አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ጠንካራ ነህ ይለኛል። ጠንካራ አይደለሁም፣ ምንም አይሰማኝም። በእርስዎም ላይ መቆጣት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ቁጣው እስኪመጣልኝ ድረስ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለጤናችን ያለ ዕረፍት ለሚደክሙት ለእርስዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የወይዘሮ ዘውድነሽ ባል የነበርኩ፣
አብተው

ማስታወሻ፦ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ በልተው ቃር ለተነሣባቸው ለቀስተኞች፣ እኅቷ ከትራሷ ሥር የተረፈውን ክኒን አውጥታ አደለቻቸው። ሠርቶልናል ብለው አመስግነዋል። ደራርቱ ብቻ እንደ ድሮው አልሆነልኝም ብላለች፤ ሰኞ ወደ እናንተ ትመጣለች። እባክዎ፣ ክኒኑን ከማዘዝዎ በፊት ቀና ብለው ይመልከቷት። ቀሚሷ ሰፍቷታል።