በክር የታሰሩት ሽቦዎች

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ፍጥረትን ሁሉ በቃሉ ባቆመ አምላክ ፊት፣ ቀጥሎም በዚህ መኝታ ቤት ተጨናንቀው በተቀመጡ አራት ምስክሮች ፊት፣ እኔ ገነነ ባምላኩ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የመጨረሻ የፈቃድ ቃሌን እሰጣለሁ። ሰውነቴ ከስቷል፤ አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ የማንኛውንም መኪና ሞተር ማስነሻ፣ የሞተሪኖውን መስመር ከባትሪው ጀምሮ ይጠይቀኝ። ያስገደደኝ ሰው የለም። የመከሩኝ ብዙ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም።

ነገ ማለዳ ባሕር ዳር ሄጄ ሆዴን እቀደዳለሁ። ሐኪሙ የሚያወጣውን እብጠት ወረቀት ላይ ስሎ አሳይቶኛል፤ ባያሳየኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ያለኝን ዛሬ መናገር አለብኝ። ጸሐፊዬ መምህር ክንፈሚካኤል የምናገረውን እንዳለ ይጻፉልኝ፤ በመካከል ሌላ ሰው የሚናገረውም ይግባ። ቃሌን እንዳያሳምሩብኝ። መስኮቱንም ክፈቱልኝ፤ ግቢውን ካላየሁ ልቤ አይሰበሰብም።

ምስክሮቼ የነፍስ አባቴ ቄስ ስመኘው፣ ሸማኔው ክንዱ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር መካከል ሚኒባስ የሚነዳው ታደለ፣ እንዲሁም የጤና ጣቢያዋ ነርስ ህይወት ናቸው። ወራሾቼ ምስክር መሆን ስለማይችሉ ከዚህ ክፍል ወጥተዋል። ልጄ ያምሮት ግቢ ውስጥ ከአሮጌዋ መኪናዬ ሥር ገብታለች። ባለቤቴ የሻሽወርቅ የት እንዳለች አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። ከመስቀል ወዲህ አንነጋገርም። ጨው ስፈልግ እንኳ የምጠይቀው ልጄን ነው። ነገ የሚወስደኝ ታደለ ነው፤ ከቤቴ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አልፈልግም። ይህም ይጻፍ።

፩ኛ፤ በዚህ ከተማ ያለው ቤታችን እኩሌታው የየሻሽወርቅ ነው። የእኔ እኩሌታ ለልጆቼ ለናሁሰናይና ለያምሮት ይሁን። ሆኖም እናታቸው በሕይወት እስካለች ድረስ ከየትኛውም ክፍል ማንም አያስነሣት፤ ተከራይም አያስገባባት። ብንኮራረፍም ቤቷ ነው።

፪ኛ፤ ቡሬ አጠገብ ከአባቴ የወረስሁት መሬት ለናሁሰናይ ይሁን። እርሱ ባሕር ዳር ተቀምጦ መኪና ይሸጣል ይለውጣል፤ እርሻ አይወድም። የሰጠሁት እንዲወድ ብዬ ነው። በቆሎውን በእኩል የሚያርስልንን ገበሬ እንዳያስከፋብኝ። ያ ሰው ከእኔ ጋር ብዙ ክረምት አሳልፏል፤ ልጄ ግን ስሙን እንኳ በትክክል አይጠራውም።

፫ኛ፤ በመደርደሪያዬ ላይ ያለው የሰው ዕቃ ለየባለቤቱ ይመለስ። የዱርቤቴው ነጋዴ የላከው ዲናሞ እንደ ተፈታ ነው። ብሎኖቹ እንዳይጠፉ በጨርቅ ቋጥራችሁ መልሱለትና ይቅርታ ጠይቁልኝ። የሰው ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ስተኛ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም አንዱ እርሱ ነው።

ያምሮት! ያንን ፒንሳ ከባትሪው ላይ አንሺ!

ሰምታኛለች። መምህር፣ ይጻፉት፤ እርሱም ፈቃዴ ነው።

፬ኛ፤ መሣሪያዎቼ ሁሉ፣ ካቻቢቴዎቹ፣ ፒንሳዎቹ፣ መበየጃውና መሞከሪያ አምፖሉ፣ ለያምሮት ይሁኑ። ልጄ ትዕግሥት አላት፤ እኔ የለኝም፣ ከእናቷ የወረሰችውም ሊሆን ይችላል። ቡሬ ጋራዥ መሥራት በጀመረችበት ሰሞን ወንዶቹ "እጅሽ ይቆሽሻል፣ እቴ" ቢሏት "የእናንተስ እጅ ንጹሕ ነው?" ብላ ወደ ሥራዋ የተመለሰች ናት።

፭ኛ፤ እንግዲህ ወደ መኪናዋ መጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ የምዞረው እርሷን ነው።

አሮጌዋን ላንድሮቨር በጨረታ የገዛኋት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። የሻሽወርቅንም ከሊበን ሙሽራ አድርጌ ያመጣሁት በእርሷ ነው። ከቡሬ ወዲህ አንድ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ የሞተሪኖው ማገናኛ ላልቶ ኖሮ አልነሣም አለ። ሚዜዎቹ ወርደው ሲጨቃጨቁ ሙሽራዋ ከተሠራ ፀጉሯ ላይ የፀጉር ሽቦ መዝዛ "ይኼ ይሆናል?" አለችኝ። ማገናኛውን በእርሱ አጥብቄ አሰርሁት፤ መኪናዋም ተነሣች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቤተሰብ የመረጠልኝ ልጅ ነበረች። የወደድኋት ያን ጊዜ ነው።

ከጊዜ በኋላ የመኪናዋ ሽቦዎች አረጁ። ሽፋናቸው በእጅ ሲነኩት ይረግፋል፣ ማገናኛዎቹ ዝገው አረንጓዴ ሆነዋል፣ የግራው ፍሬቻ ሲበራ የፊቱ መብራት ይደበዝዛል። ናሁሰናይ "አባባ፣ ለሠርግ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ቀለም ብቻ ቀብተን እንሽጣት" አለኝ። አባረርሁት። ሁሉንም ሽቦ አንድ በአንድ አውጥቼ በአዲስ ልተካ ተነሣሁ። ገበያ ላይ የተገኘው ሽቦ ግን ሁሉም ጥቁር ነው። አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይቻል ከክንዱ የጥለት ክር ገዝቼ በየሽቦው ሁለት ጫፍ ላይ አሰርሁ፦ ቀይ ለሞተሪኖ፣ አረንጓዴ ለፊት መብራት፣ ቢጫ ለፍሬቻ፣ ሰማያዊ ለፍሬን መብራት፣ ነጭ ለክላክስ። እንዳይፈታም ቋጠሮውን ደጋገምሁት። ይህ ሕመም የጀመረኝም በዚያው ሰሞን ነው።

ለመስቀል ቤት ሲጸዳ የሻሽወርቅ የመኪናዋን ወለል ልትጠርግ ገባች። ከመሪው ሥር ባለ ብዙ ቀለም ክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ፣ ባሏ ቀን ሙሉ በሚቀመጥበት ወንበር ፊት ተንጠልጥሎ አየች። መተት ነው አለች። እኔ ገበያ ነበርሁ። አንድም ሳታስቀር በመቀስ ቆርጣ አቃጠለችው፤ ቦታውንም ጠበል ረጨችው። በማገናኛዎቹ ውስጥ ጠበል! ስመለስ ጫፉ ገና ያልተገጠመ ጥቁር ሽቦ ብቻ ቀርቷል፤ የትኛው የምን እንደሆነ እኔም ራሴ አላውቅም። "አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽኝ?" አልኋት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣኝም።

ስለዚህ እንዲህ ፈርጃለሁ። ከመኪናዋ እኩሌታው በጋብቻ ውላችን መሠረት የባለቤቴ ድርሻ ነው ብለውኛል መምህር። መልካም። የእርሷ እኩሌታ ብረቱ ይሁን፦ ሻንሲው፣ በሮቹ፣ ጎማዎቹ፣ ወንበሮቹ። የእኔ እኩሌታ ከባትሪው እስከ ኋላ መብራቱ ያለው ሽቦ ሁሉ ነው፤ እርሱንም ለያምሮት አውርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚነዳት እነርሱ ይዩት።

መምህር ብዕራቸውን አንሥተው "አቶ ገነነ፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ይጻፍ" አልሁ።

ክንዱ አንገቱን ደፍቶ "እኔ ደግሞ ለእትዬ የሻሽ ቀሚስ መስሎኝ፣ መርጬ ነበር እኮ የሰጠሁዎ" አለ። 

ከዚያ ቄስ ስመኘው ተናገሩ። "ገነነ፣ የንስሐ ቃል አላወጣም፤ ይኼን ግን ሚስትህ በደጀ ሰላም ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የነገረችኝ። 'ባሌ ከሳ፣ እህል አልበላ አለ፣ ከዚያች መኪና ውስጥ አልወጣ አለ፣ ብቻውን ያወራል፤ ሰው አስሮብኛል' ብላ እያለቀሰች መጣች። መጥቼ ልየው፣ እስከዚያ አትንኪው አልኋት። መታገሥ አቃታት። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጠበል ቤት ናት። ለመኪናዋ መስሎህ?"

ነርስ ህይወትም ቀጠለች። "ወደ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የመጡት እኮ እትዬ የሻሽ ናቸው፣ አቶ ገነነ። 'እንደምንም ብለሽ ተመርመር በይልኝ፤ ከእኔ አፍ አይሰማም' ብለውኝ ነው እርስዎን በመንገድ ያስቆምሁዎ። እርስዎማ ቃር ነው ብለው ነበር።"

ይህን አላውቅም ነበር። ማን ይነግረኛል? ስሟ ሲነሣ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞር ሰው ነኝ። አሁንም ተቆጥቻለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ውኃ ስጡኝ። አይ፣ ይቅር። ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ።

በዚህ መካከል ከግቢ ክላክስ ጮኸ። ታደለ ወደ መስኮቱ ሄዶ አየና "ፍሬኑን ሲረግጡት ነው ክላክሱ የሚጮኸው!" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ማን ረገጠው? ያምሮት ከሥር ናት። በክርኔ ተደግፌ ቀና ብዬ አየሁ። ከመሪው ኋላ የተቀመጠችው የሻሽወርቅ ናት፤ ነጠላዋን በወገቧ አስራለች።

"በራ?" ትላለች ልጅቱ ከሥር።

"ኧረ ጮኸ እንጂ አልበራም!" ትላለች እናቷ በበሩ ወጣ ብላ የኋላ መብራቱን እያየች።

"እንግዲያው የክላክሱ ኖሯል። ሌላውን ልያዝ፣ ይርገጡ እማማ።"

"ረግጫለሁ። በይ፣ እጅሽን ጠብቂ።"

የቱ የምን እንደሆነ ሽቦ በሽቦ እየፈለጉት ነው። "ያምሮት፣ ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሠሩት?" ብዬ ጮኽሁ። "እርስዎ መድኃኒቱን ወስደው ሲተኙ ነዋ፣ አባባ!" አለች። እናቷ ወደ መስኮቱ አላየችም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ታያለች።

፮ኛ፤ ይጻፉ። አምስተኛውን አይሰርዙት፤ ልጆቼ የአባታቸውን ቁጣ ይዩት። የሚጸናው ግን ይህ ነው። መኪናዋ አትከፈልም። የእኔ እኩሌታ ከነሽቦው ለየሻሽወርቅ ይሁን፤ ያምሮት ትጠግንላት። ናሁሰናይ ለሠርግ ያከራይ እንደሆነ እናቱን ይለምን። ሽቦዎቹ ሲለዩ ዳግመኛ ክር ያስፈልጋቸዋል፤ ያን ጊዜ የምታስረው የሻሽወርቅ ናት፣ ቀለሙንም እርሷ ትምረጥ።

፯ኛ፤ ምክር ይጠበቅብኛል። ልጆቼ፣ ስትቆጡ ተናገሩ፤ ጩኹም። እኔ ቁጣዬን ይዤ ዝም አልሁ፤ በዝምታዬም ክረምቱ ወጥቶ መኸር ገባ። አሁን ለመናገር የቀረኝ ዛሬ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እፈራለሁ። ነገን እፈራለሁ። ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ ከጎኔ የማውቀው ሰው እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ይህንንም ይጻፉት፣ መምህር፤ አይተዉት።

በቃኝ። ከዚህ በላይ መተኛት አልችልም። ኮቴን አቀብሉኝ።

የጸሐፊው ቃል። ተናዛዡ ይህን ብለው ከአልጋቸው ተነሥተው በታደለ ተደግፈው ወደ ግቢ ወጡ። ኑዛዜው በእርሳቸውና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበብ ስላለበት እኛም ተከተልናቸው። ያነበብሁት ከላንድሮቨሯ አጠገብ ቆሜ ነው። ተናዛዡ ከባለቤታቸው ጎን ባለው ወንበር ተቀምጠው ሰሙ። አምስተኛው አንቀጽ ሲነበብ ወይዘሮ የሻሽወርቅ "ብረቱን ብቻ?" ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። ተናዛዡም "ቀጥሎ ያለውን ስሚ" አሏቸው። ስድስተኛውና ሰባተኛውም ተነበቡ። ተናዛዡ "ቃሌ ነው" ብለው ወርደው ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ አስደግፈው ፈረሙ፤ ምስክሮቹም ወዲያው በፊታቸው ፈረሙ።

ተናዛዥ፦ ገነነ ባምላኩ (ፊርማ)

ምስክሮች፦ ቄስ ስመኘው (ፊርማ)፣ ክንዱ (ፊርማ)፣ ታደለ (ፊርማ)፣ ህይወት (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ክንፈሚካኤል (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ "የእኔስ ስም የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ወራሽ ስለሆኑ መፈረም እንደማይችሉ አስረዳኋቸው። "እንግዲያው አልፈርም፤ ወረቀቱንም ሣጥን ውስጥ ክተቱት" አሉ። ከመኪናዋ ሳይወርዱ ወደ ሚኒባስ ነጂው ዞረው፣ "አንተ ታደለ፣ ለነገ ሁለት ቦታ ያዝልን" አሉት።