የአባትህ አውራ ጣት

ልጄ አንሲቶ፣ ባሕር ያሻገረህ አምላክ ጉዋምም ድረስ ጥላው አይለይህ። እኔ ደህና ነኝ። የዳቦ ፍሬው ዛፋችን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ለአባትህ ሐዘን ሲባል በእኛ በኩል ባለው ባሕር ማጥመድ ስለተከለከለ፣ ዓሣ የምንበላው ጎረቤት ሲሰጠን ነው።

ለቀብሩ አልደረስክምና መጨረሻውን ልንገርህ። በዚያ ጠዋት መናገር ቢያቅተው አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳየኝ። "ተሻለው!" ብዬ በደስታ ሾርባ ላሞቅ ሮጥኩ። ስመለስ አባትህ የለም።

በማግስቱ ይህንን ለአጎትህ ልጅ ለዮሺሮ ብነግረው አለቀሰ። እሱም እንደ አባትህ በዓለም ጦርነቱ እዚህ ባሕራችን ወደሰመጡት መርከቦች ጎብኚ እንግዶች ይዞ የሚጠልቅ አይደል? "አክስቴ፣ ውሃ ውስጥ እኮ አውራ ጣት 'ደህና ነኝ' አይደለም። 'በቃኝ፣ ወደ ላይ ልወጣ ነው' ማለት ነው" አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ ያወራበትን ቋንቋ እኔ ሚስቱ አላውቀውም። ባውቀው ኖሮ ሾርባው ገደል ይግባ፣ እጁን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ጌታ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ለአንተ ይጨምርልህ። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ በላክኸው ፎቶ ላይ አውራ ጣትህን አንስተሃል። እባክህ ልጄ፣ እጅህን ዘርግተህ ሌላ ተነሣልኝ።

እናትህ