በመስታወት ውስጥ ዝም ስላለው የኦርምስኔስ ደወል

ለተከበሩ ሚስተር ሮድኒ ፔልሃም፣
የኦርምስኔስ ከተማ ምክር ቤት ሊቀ መንበር፤

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቢሮና በደረቅ ጫማ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለጎብኚዎች ያሳተሙትን አዲስ መጽሔት በታላቅ አድናቆት አነበብኩት። ጥንት ሐኪሞች የባሕር ውሃ ያድናል እያሉ በሽተኞቻቸውን ወደ ከተማችን ይልኩ እንደነበር፣ በአሸዋው ላይ ያሉት አህዮች ዛሬም ልጆችን እንደሚያንሸራሽሩ፣ ባሕሩ ሲሸሽም እስከ አሮጌው ግንብ በእግር መሄድ እንደሚቻል አምሮ ተጽፏል። ባሕሩ ተመልሶ እንደሚመጣ አልተጻፈም፤ ጸሐፊዎቹን ቦታ ጠቧቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አንደኛ፣ ስለ ደወሉ አመሰግናለሁ። ውሃው ሊመለስ ሲል ቤተሰቦቻችን ባሕሩ ዳር ሆነው በተራ ይደውሉት ነበር፤ ውሃው ከኋላ ዞሮ ስለሚመጣ፣ ከልጅነታችን የተማርነው ከዓይናችን ይልቅ ጆሯችንን ማመን ነው። እርስዎ ግን ለሆቴል እንግዶች የቀትር እንቅልፍ ተጨንቀው ደወሉን ወደ ሙዚየም አስገቡት፤ አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ፣ «የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈ፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል።

ሁለተኛ፣ እህቴ ኤድና ባለፈው ወር ግንቡ አጠገብ ሳለች ጉም ወረደባት። ደወሉ እንደተነሣ ታውቃለች፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ግን በአንድ ስብሰባ ውሳኔ አይሻርምና ቆማ ጠበቀች። ዓሣ አጥማጆች ሲደርሱላት ውሃው ደረቷ ላይ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ፣ «ዊኒ፣ ደወሉ ዝም ሲል፣ ገና ጊዜ አለ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት ቃል አጣሁ።

አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ፣ «እማማ፣ ዘንድሮ ስልክ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» ስላሉኝም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ኤድናም ስልክ ነበራት፤ አሁን አሸዋ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ አቤቱታ የለኝም፤ ፍርሃት ብቻ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ምክር ቤቱ ሕፃናትን ከነወላጆቻቸው ወደ ግንቡ በእግር ሊወስድ ነው። እባክዎ፣ ከዚያ በፊት ደወሉን ይመልሱልን።

ለተኙት እንግዶችዎ ያሳዩትን ርኅራኄ አሸዋው ላይ ለቆሙትም እንዲያካፍሉ እየለመንኩ፣ ኮረብታ ላይ ቤት ለሠሩት ክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ዊኒፍሬድ ታክሬይ
ከባሕሩ ዳር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ትናንት ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። የሙዚየሙን መስታወት የሰበርኩት እኔ ስለሆንኩ ፖሊስ ሌላ ሰው አይጠርጥር። በሩን በርግጄ ደወሉን እዚያው እንደተሰቀለ ደወልኩት፤ የሆቴል እንግዶችን ግንቡን ሊያስጎበኙ የወጡት ሴትዮም ድምፁን ተከትለው እንግዶቹን ሁሉ በደህና አወጡ። የሴትዮዋን ጫማ አሸዋው ስላስቀረባቸው የእኔን አዋስኳቸው። ለባለቤትዎ ለሚስስ ፔልሃም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ጫማዬን ለመመለስም አይቸኩሉ ይበሉልኝ።